የማትሸተዋ መኪና ያልደረሰችበት መንገድ

ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቶቼ «አገሩ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ቆሜ ልመልስ ስሞክር ከሁለት ቃል በላይ አልሄድም። ስለዚህ ላስታን አይተው ለማያውቁትና ምናልባትም ለማያዩት ሁሉ፣ የመንገዱን ነገር ቁጭ ብዬ ሳልቸኩል እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ምክንያት ልናገር። ባለቤቴ አበጀ የላስታ ልጅ ነበር፤ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በታች ካለች መንደር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ፣ በባትሪ የሚሠሩትን ዕቃ ማንሻ መኪኖች የሚጠግን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ኖረ። እናቱ እማሆይ ደስታ ግን አንድም ቀን ቤታችን መጥተው አያውቁም። የቤንዚንና የናፍጣ ሽታ ያጥወለውላቸዋል። አንድ ጊዜ ልናመጣቸው ተነሥተን፣ ጋሸና ሳንደርስ ራሳቸውን ስተው በበቅሎ መለስናቸው። ያን ቀን አበጀ «እማዬ፣ የማትሸት መኪና እሠራልሻለሁ» አላቸው።

አበጀ እንደ ዋዛ የተናገረውን የማይረሳ ሰው ነበር። ሞተሯ ያለቀ ትንሽ ፊያት አገኘና ሞተሩን አውጥቶ ጣለው። ፋብሪካው የጣላቸውን ባትሪዎች እያደሰ ከወንበሩ ሥርና ከኋላ ደረደረባት። ቤንዚን በኩፖን ሆኖ ጎረቤቶቻችን ማደያ በር ላይ መኪናቸው ውስጥ ሲያድሩ፣ የእኛዋ ከወጥ ቤቱ ሶኬት ትጠጣ ነበር። ስትጠጣ የቤቱ መብራት ይደበዝዛል። እኔ ደብዛዛው መብራት ሥር ሹራብ እየሠራሁ እነጫነጫለሁ። እሱ ከሞተ በኋላ መኪናዋን የሥራ ጓደኛው ደምሴ እኔ እንዳላያት ወደ ግቢው ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ መብራታችን ደብዝዞ አያውቅም።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ እማሆይ ወደ አዲስ አበባ በመጣ ቄስ ላኩብኝ፤ «ልጄ የተኛበትን ሳላይ ሙት ዓመቱ አይለፍብኝ» ብለው። እኔም በዚያው ቄስ «ሐሙስ ግድም መጥቼ እወስድዎታለሁ» ብዬ መለስኩ። እንዴት እንደምወስዳቸው ግን አላውቅም ነበር።

ሰኞ

የቀበሌውን የይለፍ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ፣ ጎሕ ሲቀድ ከአውቶቡስ ተራ ተነሣን። የአውቶቡሱ ሞተር ሹፌሩ ጎን ብርድ ልብስ ለብሶ እንደ በሽተኛ ያቃስታል፤ የእኔ መቀመጫ ከኋላው ነበር።

የአበጀ መኪና ስትነሣ ድምፅ የላትም። «ተነሣች ወይስ ገና ናት?» ስለው «አጥሩን እይ» ይለኝ ነበር። አጥሩ ወደ ኋላ ሲሄድ መሄዳችንን አውቃለሁ። አውቶቡሱ ግን ገና ሳይነሣ ግማሽ መንገድ የሄደ ያህል ደክሞታል።

ከከተማው እንደወጣን አለቀስኩ። ማንም አልሰማኝም። ባሏ የሞተባት ሴት አዲስ አበባ ውስጥ ብቻዋን የምታለቅስበት ቦታ የላትም፤ ድምፅዋ ከተሰማ ጎረቤት ይመጣል፣ «በቃሽ» ይላል፣ ውኃ ያቀርባል። እዚያ አውቶቡስ ውስጥ ግን ዳገት በመጣ ቁጥር፣ ሹፌሩ ማርሽ ሲለውጥና ሞተሩ ሲያጓራ፣ እኔም ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ሜዳ ሲሆን ዝም እላለሁ። የናፍጣ መኪና የዋለልኝን ይህን ውለታ አልክድም።

ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ከፊታችን የሄዱት መኪኖች ጭስ አልወጣም ነበር። መስኮቱ ተዘግቶም ገባ። ሰዉ ሁሉ በነጠላና በኮት ኮሌታ አፍንጫውን ያዘ። «እማሆይን በዚህ እንዴት ነው የማሳልፋቸው?» ብዬ ያሰብኩት ያኔ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝቼ ሳልበላው ደሴ ደረስኩ። ያደርኩበት ቤት ባለቤት ቆሎውን ትራስጌዬ አይታ «ለመንገድ ነው ወይስ ለትዝታ?» አለችኝ። ብርድ ልብስም ጨመረችልኝ።

ማክሰኞ

ከደሴ ወልድያ መንገዱ አጭር ነበር፤ ወረፋው ግን ረጅም። አውቶቡሳችን ናፍጣ ለመቅዳት ሲጠብቅ ረፈደ። የእኛ ሰፈር ባለ መኪናዎች ትዝ አሉኝ። እሑድ መኪና መንዳት በተከለከለበት ጊዜ እኔና አበጀ ብቻችንን ባዶው ጎዳና ላይ እንሄድ ነበር። አንድ እሑድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። «ክልክል መሆኑን አታውቅም?» ሲለው አበጀ የኋላውን ክዳን ከፍቶ አሳየው። ፖሊሱ ባትሪዎቹን ረጅም ጊዜ አየና «ሰው አይይህ ብቻ፣ ሂድ» አለው። እንዴት ሰው አይየን? በከተማው ውስጥ የምትሄደው እሷ ብቻ ነበረች።

ወልድያ ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር።

ረቡዕ

ወደ ላሊበላ የሚወጣ የጭነት ሎንቺና አገኘሁ። ሹፌሩ ሁሴን የደሴ ሰው ነው፤ ለገበሬዎች ማኅበር ሱቅ ጨውና ስኳር ጭኗል። «እትዬ፣ ጋቢና ይግቡ፤ ከኋላ ጨው ላይ ከተቀመጡ ላሊበላ ሲደርሱ ቋንጣ ሆነዋል» አለኝ።

ከወልድያ በላይ መንገዱ ተራራውን እንደ መቀነት ይዞረዋል። ጋሸና ስንደርስ ብርዱ እጅ ያደነዝዛል። ሾፌሮች በሚበሉበት ቤት የጾም ወጥ በልተን ወደ ላሊበላ ታጠፍን። ቁልቁል ትንሽ እንደወረድን ሎንቺናው ሁለቴ አስነጠሰና ቆመ። የነዳጁ ቱቦ ቆሻሻ ይዞ ኖሯል። ሁሴን ቱቦውን ፈትቶ አፉ ውስጥ ከተተና ሳበ፤ ናፍጣውን ተፋ፤ ደግሞ ሳበ።

«አቦ! በዕድሜዬ የጠጣሁት ናፍጣ ቢጠራቀም እዚህና ደሴ ያመላልሰኝ ነበር» አለ።

«የሟች ባለቤቴ መኪና ናፍጣም ቤንዚንም አትጠጣም» አልኩት።

«ታዲያ ምን ትጠጣለች?»

«መብራት።»

ቱቦውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። «ወላሂ? መብራት ሲጠፋስ?»

«ትቆማለች።»

«ሲመጣስ?»

«ስትጠጣ አድራ ጠዋት ትሄዳለች።»

«የት ድረስ?»

«ከሰፈራችን ቃሊቲ ደርሳ ትመለሳለች።»

ሳቀ። «እትዬ፣ እቺማ መኪና አይደለችም፣ ጥገት ናት። ማታ አስረው ይቀልቧታል፣ ጠዋት ትሰጥዎታለች።» ትንሽ ቆይቶ ግን አፉን በእጅጌው እየጠረገ «እንዲህ ግን አታስጠጣም፣ አይደል?» አለኝ።

«አታስጠጣም።»

«እንግዲያው ባለቤትዎ ሾፌር የሚወዱ ሰው ነበሩ፣ አላህ ይዘንላቸው» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

መሸብን። በአቅራቢያው ያለ አንድ ገበሬ ከነሚስቱ መጥተው ወደ ቤታቸው ወሰዱን። ሁሴን የቀመሰው ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ አለው። ሴትዮዋ ገብተው እርጎ አመጡለት። «ረቡዕ ነውና እኛ አንቀምሰውም፤ አንተን ግን ማን ከለከለህ? ጠጣው፣ ያን መርዝ ያጥብልህ» አሉት። ለእኔ የራሳቸውን መደብ ለቀው እነሱ ከምድጃው አጠገብ ተኙ። የማን ሚስት እንደሆንኩ አልጠየቁኝም፤ ጥቁር መልበሴን ግን አይተው ኖሮ፣ ጠዋት ስንለያይ ሴትዮዋ ጉንጬን ሳሙና «ያጽናሽ» ብቻ አሉኝ።

ሐሙስ

ቱቦው ጸድቶ ጠዋት ተነሣን፤ ነአኩቶ ለአብ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን መንገዱ ዳር ጥማድ በሬዎች ቆመው አየን። አንድ ጥማድ አይደለም፤ ከመንደሩ እስከ መንገዱ ተሰልፈዋል። ጎልማሶቹ የጠፍር ገመድ ትከሻቸው ላይ ጠምጥመዋል።

«መንገዱን ሊያርሱት ነው እንዴ?» አለ ሁሴን።

እማሆይ ቆባቸውን አድርገው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ በአንድ ጎናቸው ጓዛቸው ተቋጥሮ፣ በሌላው ጎናቸው አፉ የተወተፈ ቅል ቆሟል። ወርጄ ጉልበታቸውን ስሜ ሳልጨርስ ወንድማቸው አያ ሞላ ሎንቺናውን ዞረው አዩ፤ ጎንበስ ብለው ሥሩንም አዩ።

«የታለች?» አሉኝ።

«ማን?»

«የአበጀ መኪና ናታ! እወስድዎታለሁ ብለሽ ልከሽ የለም ወይ?»

ነገሩ የገባኝ ቀስ እያለ ነው። አበጀ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጣ «እስከ ወልድያ በየከተማው መብራት እያጠጣሁ አመጣታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን መብራት የለም» ብሏቸው ኖሯል። አያ ሞላም «ከዚያ ወዲህማ እኛ አለን፤ በደቦ እንስባታለን» አሉት። እሱ ሳቀ። እነሱ ግን አልሳቁም። ተመካክረው፣ የማን በሬ በየትኛው ዳገት እንደሚጠመድ ተከፋፍለው ጠበቁ። የእኔን መልእክት ሲሰሙ የደቦው ቀን የደረሰ መሰላቸው። ሎንቺና ሲመጣ መኪናዋን ጭኖ ነው ብለው ወረዱ።

«አልመጣችም አያ ሞላ» አልኳቸው። «መምጣትም አትችልም።»

ጎልማሶቹ ገመዳቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። የሎንቺናው ሞተር አልጠፋም ነበርና ሽታው እማሆይ ጋ ደረሰ። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ፤ በሌላው እጃቸው ቅሉን አንሥተው አሳዩኝ።

«ውኃዋን እንኳ አዘጋጅቼላት ነበር» አሉ።

ባትሪ መሬት ያልነካ ንጹሕ ውኃ እንደሚፈልግ አበጀ ነግሯቸዋል። እሳቸውም ከነአኩቶ ለአብ ዋሻ ጣራ የሚንጠባጠበውን ጸበል፣ ጠብታ በጠብታ፣ ቅሉ እስኪሞላ አጠራቅመውላታል። ለመኪና።

ሁሴን ወደ ላሊበላ አለፈ፤ ጭነቱን አራግፎ ቅዳሜ ባዶውን ወደ አዲስ አበባ እንደሚወርድ ነግሮኝ። እኛ ወደ ቤት ወጣን። ለደቦው ምግብ ተሰናድቶ ነበርና ማንንም ሳያበሉ መሸኘት አይሆንም። ሥራ ያልሠራ ደቦ ሲበላ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደቦ ላይ ዘፈን አለ፣ መተራረብ አለ፤ እዚያ ግን ሰዉ አቀርቅሮ በልቶ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ፣ በሬዎቹን እየነዳ ሄደ።

ዓርብ

ጠዋት ከእማሆይ ጋር ወደ ገዳሙ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ አለት ጥላ ሥር ተጠግቶ የተሠራ ነው። ከአለቱ የሚንጠባጠበው ውኃ ድንጋይ ገበታዎች ውስጥ ይወድቃል። ዝምታው ከባድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምታ የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከአበጀ ጎን፣ በዚያች መኪና ውስጥ።

ተሳልመን እንደወጣን እማሆይ ግንቡ ላይ ተቀመጡ።

«እውነቱን ንገሪኝ» አሉ። «እስከዚህ ትመጣ ነበር?»

«አትመጣም ነበር እማሆይ። የቤንዚን መኪና ምግቡን በጀሪካን ይዞ የትም ይሄዳል፤ በየመንገዱም የሚቀዳለት አለ። የሷ ምግብ ቤቷ ነው። ከቤቷ ከራቀች ትደክማለች።»

«ታዲያ ለምን ዋሸኝ?»

«አልዋሸዎትም። መጀመሪያ የሄደችው ከግቢያችን በር ድረስ ነበር፤ ገፍተን መለስናት። ቆይታ እስከ ማደያው ደረሰች። ቆይታ ቃሊቲ ደርሳ መመለስ ጀመረች። ባትሪዎቹን ባደሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ትርቅ ነበር። ዕድሜ ካገኘ እዚህ የምትደርስ ይመስለው ነበር።»

እማሆይ ዓይናቸውን ወደ ድንጋይ ገበታዎቹ አዞሩ። ውኃው ይንጠባጠባል።

«የከተማው መግቢያ ድረስ እኔ ከሄድኩላት እሷ ትቀበለኛለች ማለት ነው?»

ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። «ትቀበልዎታለች» አልኳቸው።

«ከዚያ እሱ የተኛበት ድረስ ታደርሰኛለች?»

«እሱንማ ትችላለች።»

«እንግዲህ እሱ እስከዚህ ሊያመጣት ከደከመ፣ እኔ እስከዚያ ብደክምለት ምን አለ? ግን ሽታው፣ ልጄ... ሽታው ሳልደርስ ይገድለኛል።»

ቤት ስንመለስ ለአያ ሞላ ነገርናቸው። የዝንብ ጭራቸውን እያወዛወዙ አሰቡና «ሽታው የሚወጣው ከሥር ነው፣ አይደለም?» አሉኝ። «ጭድ የሚጫነው የት ነው? ላይ! ነፋሱ ዘንድ!»

«እኔን እንደ ጭድ?» አሉ እማሆይ።

«አንቺንማ ከነአልጋሽ ነው። ደቦው መች ተፈታ?»

ቅዳሜ

ሁሴን ሲመለስ በሬዎቹ አልነበሩም፤ ገመዶቹና ሰዎቹ ግን ነበሩ። የእማሆይን የጠፍር አልጋ አውጥተው ሎንቺናው ላይ ሰቀሉት። መኪናዋን ሊስቡበት በነበረው ገመድ አራቱንም እግር ከጭነቱ ማገጃ፣ ከስፖንዳው ጋር አሰሩት። አንዱ ያስራል፣ ሌላው ይፈታና «ይህ የሴት ቋጠሮ ነው» ብሎ ደግሞ ያስራል። ሐሙስ ዕለት የቀረው ዘፈን ያን ቀን ወጣ። አያ ሞላ እላይ ቆመው አልጋውን ሲነቀንቁት ሎንቺናው ራሱ ተወዛወዘ።

«እናቴ፣ አልጋ ላይ ሆኖ የሚሄድ መንገደኛ ጭኜ አላውቅም» አለ ሁሴን። «ቁርስም ላምጣ?»

«ዝም ብለህ ንዳ፣ አንተ ናፍጣ ጠጪ!» አሉት። ታሪኩን ነግሬያቸው ነበር።

ሰዉ ተቀባብሎ አወጣቸው። እኔም ከጎናቸው ወጣሁ። ቅሉን ጭናቸው ላይ፣ ሎሚ እጃቸው ውስጥ ያዙ። ሎንቺናው ሲነሣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሸና ዳገት ላይ ገለጡና «ሽታው የለም» አሉ። ሎሚውን ለኔ ሰጡኝ።

እሑድና ሰኞ

ስለ መልሱ መንገድ ብዙ አልጽፍም፤ ነፋሱ ቃል አያስይዝም። በየከተማው ሰው ቆሞ ያየናል፤ ልጆች «አልጋዋ! አልጋዋ!» እያሉ ይከተሉናል፤ እማሆይ መስቀላቸውን እያነሡ ይባርካሉ። ደሴ ላይ ለደምሴ ስልክ ደወልኩ። ጣርማ በር ስንደርስ ሁሴን ከዋሻው በፊት ጥግ ይዞ ቆመ፤ ጭሱ እስኪወጣ ጠበቀ። ከኋላ ያሉት ጥሩምባ ሲነፉበት ወርዶ «እናት ይዣለሁ!» አላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ሞተሩን ሳያስጮህ፣ እንደ በቅሎ እያስረገጠ አሳለፈን።

በዚያ ሁሉ መንገድ እኔ አላለቀስኩም። እማሆይም አላለቀሱም።

ማክሰኞ

ደምሴ ኮተቤ መግቢያ ላይ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር፤ መኪናዋ ከጎኑ። አጥቧታል። አበጀ ከሞተ ወዲህ አይቻት አላውቅም፤ ከማስታውሳት ታንሳለች።

እማሆይ ዞሯት፣ አሸተቷት። ኮፈኗ ላይ አፍንጫቸውን አስጠግተው «እውነትም» አሉ። ከዚያ ቅሉን ለደምሴ ሰጡት። ደምሴ ነገሩ ሲነገረው ወደኔ አየ። ከአለት የወረደ ውኃ ለባትሪ እንደማይሆን እኔም አውቃለሁ፤ አበጀ ከሱቅ ካመጣው የባትሪ ውኃ ሌላ አያስነካትም ነበር። ደምሴ ቅሉን ተሳለመና ውኃውን በእጁ እየዘገነ ኮፈኗንና ጣራዋን፣ ጎማዎቿንም ሳይቀር ረጨ።

«ከውስጥ ጠግባለች እማሆይ፤ ይህ ለውጪዋ ነው» አላቸው።

«አንተ ታውቃለህ» አሉት።

ሁሴን ናፍጣ እንዳይሸታቸው ከሩቅ ሆኖ እጁን አወዛወዘልን። እማሆይ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ገባን። ደምሴ ነዳ። አጥር ወደ ኋላ ሲሄድ አየሁ።

ለቅሶዬ መጣ። እንደ አውቶቡሱ መስሎኝ ድምፄን ለቀቅሁት። ግን የሚሸፍነኝ ሞተር አልነበረም። ሁሉም ተሰማ። ደምሴ መሪውን አጥብቆ ያዘ። በእግረኛ መንገድ የሚሄዱ ሴቶች ዞረው አዩን። እማሆይ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው እጄን ፈልገው ያዙ። «በቃሽ» አላሉኝም። እሳቸውም ጀመሩ፤ በላስታ ዜማ፣ የልጃቸውን ስም እየጠሩ። በዚያች መኪና ውስጥ ከሁለታችን ድምፅ በቀር ምንም አልነበረም። ልጃቸው ዝምተኛ መኪና የሠራላቸው ለዚህ አልነበረም፤ ሆነ እንጂ።

አበጀ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ዳገት ላይ ደከመች። ባትሪዎቹ አርጅተዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ማን አደሳቸው? እየቀነሰች፣ እየቀነሰች ቆመች። ደምሴ ፍሬኑን ይዞ «ይቅርታ እማሆይ» ሲል፣ ከኋላችን መኪናዋ ተነቀነቀች። መንገደኞች ናቸው። አንድ ወታደር፣ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ የጣሉ ሠራተኞች፣ ዘንቢሏን ለጓደኛዋ ያስያዘች ሴት። ይገፋሉ።

እማሆይ ዞረው በኋላው መስታወት አዩ። «እነማን ናቸው?»

«አላውቃቸውም፣ መንገደኞች ናቸው።»

«ማን ጠራቸው?»

«ማንም።»

አስበው አስበው፣ በሩ ላይ ስንደርስ «ነገ ለሙት ዓመቱ ይምጡ በያቸው» አሉኝ። «ደቦ የወጣን ሰው ሳያበሉ መሸኘት ነውር ነው።» ከዚያ ወርደው ልጃቸው ወደተኛበት ሄዱ። እኔ ለሰዎቹ ቤታችንን አመለከትኩ። ወታደሩ ብቻ ሳይመጣ ቀረ፤ ሌሎቹ በማግስቱ መጡ።

ያን ምሽት መኪናዋ ወደ ደምሴ ግቢ አልተመለሰችም። አርፋ ትንሽ ጉልበት አገኘችና በቁልቁለቱ ወረድን፤ ሰፈሩ ውስጥ ስንገባ እየተንፏቀቀች ነበር። ገመዷን ከወጥ ቤቱ ሶኬት ሰካሁት፤ እጄ አልረሳውም። እራት ሳቀርብ መብራቱ ደበዘዘ።

እማሆይ ቀና አሉ። «ምን ሆነ?»

«እየጠጣች ነው» አልኳቸው።

«ትጠጣ» አሉ፤ እንጀራውንም በደብዛዛው መብራት ቆረሱልኝ።